በገዛ ግድግዳቸው ላይ

መንግስትኣብ ከመድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ አለ። መጀመሪያ የፀጉሩ ጥቁረት፣ ቀጥሎ የአንገቱ ጥላ፣ በመጨረሻም ያ ዘመድ ሁሉ የሚወድለት ግማሽ ፈገግታ። ጽገረዳ ስላይዱን በመቆንጠጫ አንሥታ በቀዩ አምፖል ስር አየችው። ወንድሟ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ፣ የብስክሌት ጎማ በክንዱ አንጠልጥሎ፣ የቤታቸውን በር ተደግፎ ቆሟል። ያኔ ያነሡት አባታቸው ባሻይ ሃብተሚካኤል ናቸው። አሁን እርሷ የምትሠራባት ጨለማ ክፍልም የባሻይ ፎቶ ቤት ጓዳ ናት።

መንግስትኣብ ዛሬ ጢም ያወጣ ሰው ነው። ለሥራ ሱዳን ሄደ ከተባለ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ "ለሥራ ሱዳን ሄደ" የተባለ ወጣት በረሃ ከተዋጊዎቹ ጋር እንዳለ የማያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ሰው ቃሉን መዝኖ ማውጣት ለምዷል። ባለፈው ክረምት ጎረቤታቸው ኣደይ መብራት በረሃ የወደቀ የልጃቸውን መርዶ ሰምተው ደጃፋቸው ላይ ዳስ ጣሉ፤ እንደ ወጉ አለቀሱ። ዳሱ ሳይነሣ ባላቸው ተወሰዱ። እስካሁን አልተመለሱም። ሰፈሩ ከዚያ ወዲያ ማልቀስም እንደሚያስጠይቅ ተማረ።

ጽገረዳ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ስላይዱን የሠራችው። የሠራችውም ለረዳኢ ብላ ነው።

ረዳኢ ወደ ፎቶ ቤቱ መጀመሪያ የመጣው የተበጠሰ ፊልም የሚያጣብቅበት ሙጫ ፍለጋ ነበር። የመንግሥትን ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የሚያሠራ ባለሙያ ነው። አናቷ ላይ ድምፅ ማጉያ የተተከለባትን ግራጫ ላንድሮቨር ይዞ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ፣ ነጭ ግድግዳ ባገኘበት የዜና ፊልም ያሳያል። አባቱ ተወልደመድኅን አስመራ አጠገብ ያለችው የዓዲ ኣበይቶ ሰው ሲሆኑ በጣሊያን ዘመን ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ፤ እርሱም እዚያው ተወልዶ አደገ። አዲስ አበባ ሳለ ስሙን የሰማ ሁሉ "አገርህ የት ነው?" ይለው ነበር። አስመራ ሲመጣ ደግሞ "ወዲ አዲስ አበባ"፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የሚል ስም ወጣለት። ዓዲ ኣበይቶ ያሉት አክስቱ እንኳ ትግርኛውን ሰምተው እንባቸው እስኪመጣ ስቀውበታል።

ጽገረዳም ሳቀችበት። እርሱ በተሰባበረ ትግርኛ ይጠይቃል፤ እርሷ ትምህርት ቤት በተማረችው አማርኛ ትመልሳለች። ሁለቱም በማያኮራቸው ቋንቋ ሲነጋገሩ ማንም ማንንም ማታለል እንደማይችል ታወቃቸው። ሙጫው አልቆ እንኳ መምጣቱን አልተወም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ባሻይ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፤ ስለ ልጁም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እህት ወንድሟ በሌለበት አትዳርም፣ መንግስትኣብ ይምጣና እንነጋገራለን አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው ተነሡ። ወደ አስመራ ሊገባ የማይችል ሰው እንዴት ይመጣል? ጽገረዳ በር ጀርባ ሆና ሰማች። አባቷ "እምቢ" ቢሉ ይሻላት ነበር፤ ለእምቢታ ይለመናል።

ከዚያ ወዲህ ባሻይ ሌላ ሰው ሆኑ። ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። የረዳኢ ማኪና ድምፅ ሲሰማ መንገድ ይለውጣሉ። ልጃቸው በረሃ ሆኖ ሴት ልጃቸውን ለመንግሥት ማኪና መዳር ከበዳቸው፤ ጽገረዳ የገባት እንዲህ ነው። ረዳኢም የገባው እንዲሁ ነበር።

በዚህ መሐል ከፎርቶ ምሽግ ግርጌ ያለው ሰፈራቸው ሊፈርስ ነው ተባለ። ቦታው ለመንግሥት ይፈለጋል ከመባል በቀር የተነገረ ነገር የለም። ረዳኢ ነዋሪዎቹ ከመልቀቃቸው በፊት ስለ አዳዲስ ቤቶች የተሠራ ፊልም እንዲያሳያቸው ታዘዘ። ትእዛዙን ለጽገረዳ ሲነግራት አፈረ። ከዚያም፣ የአባትሽ ካዝና ውስጥ የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ነጋቲቭ የለም ወይ፣ ሲል ጠየቃት። ከፊልሙ በፊት የየቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ በገዛ ግድግዳቸው ላይ ቢያሳይስ? ሸራ ሳይዘረጋ፣ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ከነስንጥቁ፣ ከነመስኮቱ። ሰዎቹ በሄዱበት ይሄዳሉ፤ ቢያንስ አንድ ምሽት ቤቱ ባለቤቶቹን ያስታውሳቸው።

ያን ጊዜ ጽገረዳ በፍቅር አየችው። ሥራውን ግን በፍርሃት ጀመረችው።

*

የተገናኙት ቤት ጊዮርጊስ ነበር፤ የምጽዋ መንገድ ቁልቁል ከሚጀምርበት ከፍታ። ረዳኢ ማኪናውን አቁሞ የመብራቱን ሌንስ ይወለውላል። ከታች ከገደሉ ጉሙ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ መንገዱን፣ ከዚያ ዛፎቹን፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዋጠ። ጽገረዳ የስላይዱን ሣጥን ሰጠችው። አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ሰማይ እያነሣ አየ። የመንግስትኣብ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"ይህን አላሳይም" አላት።

"ለምን? የብስክሌት ጎማ የያዘ ልጅ ማንን ያስፈራል?"

"ኪዳኑን አያስፈራውም። ያስደስተዋል እንጂ።"

ኪዳኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሥራው ምን እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ የሚጠይቀውም የለም። በቀደም ፌርማታው አጠገብ ካለው ሻሂ ቤት ከረዳኢ ፊት ለፊት መጥቶ ተቀመጠና፣ ባሻይ ልጃቸው ከሱዳን ይጽፍላቸው እንደሆነ ፈገግ ብሎ ጠየቀው። ረዳኢ አላውቅም አለ። ኪዳኑ ስኳሩን ሲያማስል ቆየና፣ አማች ሊሆን የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያውቅ እንዴት ይተኛል፣ አለው።

ረዳኢ ይህን ሲነግራት ጽገረዳ ጉሙን እያየች ሰማችው። ከዚያ ዞራ ትኩር ብላ አየችው።

"ኣቦይ፣ የገዛ አባቴ፣ መንግስትኣብ ይምጣ አለ። ከየት ላምጣው? በእግሩ መምጣት ካልቻለ በብርሃን ይምጣ። ኣቦይ በበሩ ላይ ቆሞ ካየው ልቡ ይራራል፤ እኔ አባቴን አውቀዋለሁ።"

"አባትሽ የጠሉት ማኪናዬን ነው፣ ጽገ።"

"እንግዲያው በጠላው ማኪና ልጁን አምጣለት።"

ረዳኢ ስላይዱን ገልበጥ አድርጎ አየ። በዓለም ላይ የቱንም ያህል ቢፈለግ የማይገኝ ሰው፣ መዳፉ ውስጥ ነበር። ሊመልስላት እጁን ዘረጋ፤ እርሷ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"ሕራይ" አለ በመጨረሻ። እሺ ማለቱ ነው። ሁልጊዜ ያችን "ሕ" ሲላት እንደ ሳል ስለምትወጣው ትስቅበት ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም። ጉሙ እግራቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ማኪናው ውስጥ ሲገቡም ብርዱ አብሯቸው የገባ መሰላት።

*

ፀሐይ እንደገባች ሰዉ በየደጁ ወጣ። ግማሹ ዕቃውን ጠቅልሏል፤ በታሰሩ ፍራሾችና በተደራረቡ ድስቶች ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ረዳኢ ማኪናውን ቀስ እያለ እየነዳ በእያንዳንዱ ቤት ፊት ይቆማል። ትንሿን የስላይድ መብራት ያበራል፤ ግድግዳው ላይ ሰው ይቆማል።

የመጀመሪያዋ የወይዘሮ ለተብርሃን ቤት ነበረች። የሞቱት ባላቸው በሠርጋቸው ቀን ልብስ በሩን ሞልተው ቆሙ፤ አንዱ ዓይናቸው በመዝጊያው ቀዳዳ ላይ ዋለ። ረዳኢ ማይክሮፎኑን ሲሰጣቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ ግድግዳው እያዩ እንዲህ አሉ፦

"ይህ ባለቤቴ ነው። በዕድሜው እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ባሻይ አትተንፍስ ብለውት። ነፍሱን ይማር።"

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ሳያልቅም ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ያ ድምፅ ማጉያ እስከዚያ ምሽት ትግርኛ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዝ ሁሉም የወይዘሮ ለተብርሃንን መንገድ ተከተለ። ባለቤቱ ወደ ማይክሮፎኑ ይቀርባል፤ ይህ እገሌ ነው፣ ይህች እገሊት ናት ይላል። የሞተ ከሆነ "ነፍሱን ይማር" ይላል፤ በሕይወት ያለ ከሆነ "ዕድሜ ይስጠው" ይላል። ሰዉ አሜን ይላል። ማኪናው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ኪዳኑም መጥቷል። እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ከሰዉ ኋላ ኋላ ይከተላል፤ እርሱም ከሰዉ ጋር አሜን ይላል።

ማኪናው የባሻይ ሃብተሚካኤል ቤት ፊት ሲቆም ጽገረዳ ወደፊት ተጠጋች። አባቷ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ በዚህ ሁሉ ግድግዳ ላይ ያለፈውን ሰው ያነሡት እርሳቸው ናቸውና ሰው ሁሉ ሲያመሰግናቸው ነበር። እናቷ ኣረጋሽ አጠገባቸው ናት። ረዳኢ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ዘገየ። ቀና ሲል ከጽገረዳ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ አሁንም ቢሆን ተወው በይኝ የሚል ዓይን ነበር። አሳየው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

መንግስትኣብ የገዛ በሩን ተደግፎ ቆመ። የብስክሌቱ ጎማ ክንዱ ላይ ነበር፤ ግማሽ ፈገግታውም።

"ወደይ" አለች እናቱ፤ ልጄ ማለቷ ነው። በደስታ የባሏን ክንድ ያዘች። ከሰዉ መሐል የደስታ ማጉረምረም ተሰማ። ጽገረዳ የአባቷን ፊት ለማየት ተንጠራራች።

ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ባሻይ ዘንድ ደረሰ። ባሻይ ያዙት። ግድግዳውን እንጂ ማይክሮፎኑን አላዩም።

"ይህ ልጄ መንግስትኣብ ነው" አሉ።

ድምፃቸው ከማኪናው አናት በሰፈሩ ላይ ሄደ። ከዚያ ቀረ። ሰዉ "ዕድሜ ይስጠው" እስኪሉ ጠበቀ። የማጉያው ሽውታ ብቻ ይሰማል። ባሻይ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። እንደገና ከፈቱ። ኣረጋሽ ቃሉን ልታቀብላቸው ያህል ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከንፈሯ "ዕድሜ" ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። የባሏን ፊት አየች። ክንዳቸውን የያዘው እጇ ተፈታ።

ያን ጊዜ ጽገረዳም አወቀች። አባቷ በሞተ ልጃቸው ላይ ዕድሜ ይስጠው ማለት አልቻሉም፤ ነፍሱን ይማር ማለትም አልቻሉም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያቆመቻቸው እርሷ ናት።

የእናቷ ጩኸት ከሆዷ ሲነሣ አየችው። ገና ወደ አየር ሳይወጣ፣ ገና አፏን ስትከፍት፣ ማጉያው በማርሽ ሙዚቃ ተሰነጠቀ። የዜና ፊልሙ ነበር። ከበሮው፣ ጥሩምባው፣ የሰልፈኛው ጫማ ግድግዳውን ሞላው፤ ወታደሮቹ በረድፍ በመንግስትኣብ ላይ ይራመዱ ጀመር።

ጽገረዳ ወደ ረዳኢ ዞረች። በዚያች ቅጽበት ጠላችው። ፈራ፤ ወንድሜን በሰልፍ ደመሰሰው፤ ከመጀመሪያውም የማኪናው ሰው ነበር አለች በልቧ። ልትጮህበት ወደ ማኪናው ሮጠች። ረዳኢ ግን አላያትም። በአንድ እጁ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ይዟል፤ ማጉያው ሊፈነዳ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ እናቷ ላይ ነበር። የስላይዱ መብራትም አልጠፋም። ግድግዳውን መልሳ አየችው። በሰልፈኞቹ እግር መሐል፣ ፈዞ፣ መንግስትኣብ እንደቆመ ነበር።

ኣረጋሽ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም። ወይዘሮ ለተብርሃን አቀፏት፤ ኣደይ መብራት መጡ፤ ሌሎችም ዙሪያዋን ከበቡ። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ የሰፈሩ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው፣ በአንድም ሰው ጆሮ ሳይገቡ አለቀሱ። ኣደይ መብራት የባላቸውንም አብረው ያለቀሱ ይመስላል። ጽገረዳ ግን አልቻለችም። ኪዳኑ ፊቷን ያይ ነበርና ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሣ፣ ፊልም እንደምታይ ሰው ቆመች። እንባዋ ወደ ውስጥ ሲፈስ ጨው ጨው አላት።

ፊልሙ ሲያልቅ ኪዳኑ ወደ ማኪናው ቀረበ። ባሻይ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቀ። ረዳኢ ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ነው አለው።

"ብልህ ዕቃ ነው" አለ ኪዳኑ። "የሚበላሽበትን ቦታ ያውቃል። ነገ ጠዋት ቢሮ ና፤ አብረን እንጠግነዋለን።"

ረዳኢ ሽቦውን መጠቅለሉን ቀጠለ። ሽቦው ከጣቶቹ ሲያመልጥ ያየች ጽገረዳ ብቻ ናት። ልትይዛቸው ፈለገች፤ በሰው ፊት ያን ማድረግ ከለቅሶ የባሰ ሆኖ ታያት።

*

ሲነጋ ረዳኢ መጣ። ሰው እንዳይጠረጥር የስላይዱን ሣጥን ይዟል። በሩ ተዘግቶ ነበር። ውስጥ ግማሹ ዕቃ ታስሯል፤ የቀረው ምንጣፍ ብቻ ነው። ኣረጋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ጫፉን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀምጣለች። ድምፅ አልነበረም። ሐዘንተኛ እንደዚህ ዝም ሲል ረዳኢ አይቶ አያውቅም።

ጽገረዳ ሌሊቱን የሰማችውን በሹክሹክታ ነገረችው። በሁዳዴ መጨረሻ አንድ የማያውቁት ሰው ፎቶ ልነሣ ብሎ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ባሻይ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ራሳቸው ላይ አልብሰው ሲያስተካክሉት፣ ሰውየው ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ የመንግስትኣብን ሞት አረዳቸው። ባሻይ ከጨርቁ ሳይወጡ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ፎቶውን አነሡት፤ ሌላ ሰው ተራውን ይጠብቅ ነበርና። ሽማግሌዎቹ ለጽገረዳ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በልጄ ሐዘን ላይ ከበሮ እንዳላስመታ፣ መሞቱንም እንዳልናገር፣ ይምጣ አልኩ፤ ሌላ ቃል አጣሁ፣ ብለዋታል። ማኪናውንማ ሲሰሙ የሚሸሹት፣ ረዳኢን ባዩት ቁጥር እሺ ለማለት ልባቸው ስለሚከጅል ነበር።

ረዳኢ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ባሻይን ማየት አቃተው። ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው በሩ አጠገብ፣ የታሰረ ፍራሽ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

"እዚያ አይደለም" አሉት ባሻይ።

ምንጣፉ ላይ ጠጋ አሉ። በቀኛቸው፣ ሐዘን ሲሆን የቤቱ ወንድ ልጅ ተቀምጦ ለቀስተኛ የሚቀበልበት ቦታ ተከፈተ።

"ና፣ ወዲ ተወልደመድኅን። እዚህ።"

በአባቱ ስም ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። ረዳኢ ቢሮ እንደሚጠበቅ፣ ከዚያ የት እንደሚልኩት እንደማያውቅ፣ ምናልባትም እንደማይመለስ በዝግታ ነገራቸው። ከእርሳቸው ጎን መታየቱ መዘዝ እንዳያመጣባቸው ፈርቷል።

"አውቃለሁ" አሉ ባሻይ። "እስክትሄድ ተቀመጥ። እህቴን ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ልጅ የለኝም እንግዲህ። ወንድ ልጄ እንዲለቀስለት አድርገሃል፤ ሴት ልጄን እሰጥሃለሁ። ጊዜው ሲፈቅድ።"

ረዳኢ ጫማውን አወለቀና ከጎናቸው ተቀመጠ። ትከሻቸው ተነካካ። ባሻይ ባለፉት ወራት ሰው ፊት ያላወጡትን ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

ከውጭ ዳገቱን የሚወጣ የማኪና ድምፅ መጣ። የረዳኢ ላንድሮቨር ድምፅ አልነበረም። ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ከምንጣፉ ማንም አልተነሣም። ረዳኢ ጽገረዳን አያት፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ስንብት ነበር፤ ከስንብቱ በላይ ደግሞ ቤቱ የገባ ሰው ዕረፍት ነበር።

ጽገረዳ ደስ አላት። የወንድሟን ሞት ባወቀች ማግስት፣ እናቷ ጩኸቷን በጨርቅ አፍና በተቀመጠችበት ክፍል፣ ሞተሩ ደጅ እያጉረመረመ፣ ደስ አላት፤ ደስታውም ከማኪናው ይልቅ አስፈራት። የት እንደምታደርገው ስላጣች ፊቷን በእናቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ኣረጋሽ ልጅቷ ለወንድሟ ያለቀሰች መስሏት፣ በሩ ሲንኳኳ እንኳ ቀና ሳትል፣ ጀርባዋን ቀስ እያደረገች ትዳብሳት ጀመር።